በፍልሰታ የታደለው ክኒን

ጥቅምት 19 ቀን፣ ከላይ በር

ይድረስ ለአበልጄ፣ ለእመቤት የክርስትና እናት፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከላይ በር ተነስቶ፣ ጋፋትን አልፎ፣ ደብረ ታቦርን አቋርጦ ሐሙሲት ድረስ በጤና ያግኝሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወንድምሽስ፣ ሚስቱስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ክረምቱን ተነሳብሽ ወይስ ሐሙሲት ሞቅ ስለሚል ተሻለው? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ በረዶ ሳይመታው ደርሷል፤ አጨዳ ጀምረናል። ቡሬዋ ላም ሴት ጥጃ ወልዳለች። እመቤት ስድስተኛ ክፍል ገባች። እኔ ያቆምኩበት ክፍል ደረሰችብኝ፤ ከእንግዲህ የቤት ሥራዋን አታሳየኝም።

ስልክ ደውዬልሽ ነበር። አንድ ቀን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ቀን። እመቤት ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ይጠራል እኮ እማዬ፣ ግን አይነሳም» ትለኛለች። ኔትወርኩ ይሆናል እላታለሁ፤ እሷም እንዳመነ ሰው ስልኩን ትመልስልኛለች። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ ዛሬ ባትከፍችው ነገ ትከፍችዋለሽ። የሚያመጣልሽ ከማል ነው፣ የጨርቅ ነጋዴው፤ ለገበያ ሐሙሲት ይወርዳል። «እጇ ላይ ሳላስቀምጥ ጨርቄን አልዘረጋም» ብሎኛል። ከማል ቃሉን ይጠብቃል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሰኞ ደብረ ታቦር ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ስንት የተማረ ሰው በተቀመጠበት፣ ስምሽ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። በክፉ አይደለም፣ በደግ ነው። ጭብጨባም ነበረ። ያንቺን ጭብጨባ እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁልሽ። ቅንድብሽን አንስተሽ እንዴት ስትዪኝ ይታየኛል። ቀስ ብዬ ልንገርሽ፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ይጠፋኛል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የጥናት ሰዎች መጡ። እኔ ላይ በርን፣ አንቺ ታች በርን ይዘን በነሐሴው ዘመቻ ያደልነው የትራኮማ ክኒን ምን እንደሠራ ሊያዩ ነው የመጡት። መሪያቸው ማስተዋል የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። ዶክተር እያልኩ ስጠራት «ዶክተር አይደለሁም እትዬ፣ ገና እየተማርኩ ነው» ትላለች። እኔ ግን አልተውኩም፤ ዶክተር ሲሏት ጎንበስ ብላ የምትስቀው ሳቅ ደስ ይለኛል። ቤት ለቤት የሚያዞራት ሰው ሲጠየቅ እኔ ተባልኩ። ለምን እንደሆነ አይጠፋሽም። ላይ በር በመዝገቡ መቶ ከመቶ ነዋ። አስተባባሪያችን አቶ ሙላቴ «ከክኒን አዳዮቻችን ሁሉ አንደኛዋ ይቺ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። ቤቴ ስትገባ ደግሞ ያ የተሰጠኝ ምስክር ወረቀት በመስታወት ሆኖ ግድግዳው ላይ አለ። አነበበችው፣ ጎበዝ አለችኝ። ተኮፈስኩ፣ ምን ልዋሽሽ።

ጥናት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሐኪም መጥቶ የታመመውን አይቶ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። እነሱ ግን የትኛው ቤት እንደሚታይ እንኳ ራሳቸው አይመርጡም፣ በዕጣ ነው። አያ ታደሰ ዕጣው ሲያልፋቸው ተቆጡ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ስድስት ልጅ ይዤ፣ የስድስቱም ዓይን እንደ በርበሬ ቀልቶ እያየሽው!» ብለው መንገድ ላይ ገተሯት። ማስተዋል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ዓይኑ የቀላውን ብቻ መርጬ ካየሁ አገሩ በሙሉ ታሟል ብዬ እዋሻለሁ፤ ንጹሑን ብቻ ካየሁም አገሩ ድኗል ብዬ እዋሻለሁ፤ ዕጣ ግን ለማንም አያዳላም አለቻቸው። አያ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገባኝ አሉ፣ ከዚያም «እንግዲያው ለሚቀጥለው ዕጣ እኔን አትርሽ» ብለዋት ሄዱ። የልጆቹን ዓይን በኋላ ለጤና ኬላ ነግራ አሳይታላቸዋለች፤ ከጥናቱ ውጭ።

ከሁሉም ያሳቀን ዝንቡ ነው። ሰዓቷን ይዛ፣ የሕፃን ፊት ላይ ስንት ዝንብ እንደሚያርፍ ትቆጥራለች። ፈንታነሽን ታውቂያታለሽ፣ አፏ አያርፍም። «ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ዝንብ ቆጠራ ከሆነ ለእኔም ዲግሪ ይገባኛል» አለች። ማስተዋልም ሳትቆጣ፣ ይህች ዝንብ ከጎረቤት ልጅ ዓይን ላይ ተነስታ ነው ያንቺ ልጅ ላይ ያረፈችው፣ ያውም እግሯን ሳትታጠብ አለቻት። ፈንታነሽ ሳቀች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጧት ጧት ልጆቿን አሰልፋ ፊታቸውን ታጥባለች፤ በአንድ ቆርቆሮ ውሃ አራት ልጅ። ውሃ የለም ትል የነበረችው እኮ ናት።

ሕፃኑን ፀሐይ ወዳለበት ታስቀምጠውና የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ በማጉያ መነጽር ታያለች። ውስጡ ቀልቶ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ካለው ታሟል ማለት ነው። ከዚያ ጥጥ በተጠቀለለበት ስንጥር ጠረግ አድርጋ በብልቃጥ ትከትና በበረዶ ሳጥን ለምርመራ ትልከዋለች። እጇ እንዴት ቀላል መሰለሽ። ልጆቹ ማልቀስ የሚጀምሩት እሷ ከጨረሰች በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዕጣው የእኔን ቤት አወጣ። ደስ አለኝ። የእመቤትን ፊት አጠብኩ፣ የበዓል ቀሚሷን አለበስኩ፣ ልክ ሽልማት እንደምትቀበል። ማስተዋል አንዱን ቆብ ገለበጠች፣ መነጽሩን አስጠጋች። ሌላውን ገለበጠች፣ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ ለመዝጋቢዋ ቁጥር ነገረቻትና ወደ እኔ ዞራ፣ እመቤት ነሐሴ ላይ ክኒኗን ውጣለች አይደል? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። አበልጄ፣ ለመዋሸት ብዬ አይደለም አዎ ያልኩት። መዝገቡ ላይ ራይት አለ፤ ራይቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እንግዲያው ውጣለች። እንዲህ ነበር የማስበው። ራይቱ ከልጄ ዓይን በልጦብኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ዘረጋችው። ላይ በር ከመቶ ልጅ ሠላሳ አንዱ ታሟል። ታች በር ስድስት። መዝገቡ ደግሞ ላይ በር መቶ ከመቶ ውጧል ይላል፤ ታች በር ከመቶ ሃምሳ ሁለት። ማስተዋል እርሳሷን እየነከሰች «ይኸ ነገር ተገልብጦብኛል» አለች። ሁሉም የዋጠበት ታሟል፣ ግማሹ የዋጠበት ድኗል። ናሙናው ተቀያይሮ ይሆናል ብላ እንደገና አስመርምራ ነበር፤ አልተቀያየረም። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ሐሳብ ነው አለችኝ፤ ላይ በር ያለው ተዋህሲ፣ ያ በዓይን የማይታየው የበሽታው ዘር፣ መድኃኒቱን ለምዶታል፣ ክኒኑ አይገድለውም ማለት ነው። ይህን ብትጽፊ ምን ይሆናል? አልኳት። ክኒኑ ለዚህ አካባቢ አይጠቅምም ተብሎ ሊቆም ይችላል፣ ሌላ እስኪጠና ዓመታት ይፈጃል አለች። የልጆቹስ ዓይን? አልኳት። ወረቀቷን ማጠፍ ጀመረች።

አንቺ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። እናትሽን እጃቸውን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን እያደረስሽ ነው ያደግሽው። ወረንጧቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት እየነቀሉ፣ እየነቀሉ፣ በመጨረሻ ነገር ሁሉ ጭጋግ ሆነባቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመላለስባቸው የኖረ ሕመም ነው እዚያ ያደረሳቸው። ታዲያ ማስተዋል ከወጣች በኋላ እመቤት ደጅ ላይ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ስታሽ አየኋትና እናትሽ መጡብኝ። ተነሳሁና ሙዳዬን ገለበጥኩ።

ሦስቱም አሉ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ቁመቷ በመለኪያው ዱላ ተለክቶ በቁመቷ ልክ የተሰጣት ሦስት ክኒን፣ አንዱም ሳይጎድል። እመቤትን ጠራሁና አሳየኋት። ከቁርባን በኋላ ትውጭዋለሽ ብለሽ አስቀመጥሽልኝ፣ ከዚያ አንቺም አላልሽኝ እኔም ረሳሁት አለችኝ። እውነቷን ነው።

ያ ፍልሰታ ትዝ ይልሻል? የዘመቻውን ቀን የቆረጡት ሰዎች የት ሆነው እንደቆረጡት እንጃ፣ ከነሐሴ ሁለት እስከ ስምንት አሉን። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ልጅ አዋቂው ሁሉ ሱባዔ የገባበት፣ ልጆቹ ቁርባን ብለው ውሃ እንኳ ከአፋቸው የማያደርሱበት ሰሞን። በሽተኛ ቢሆን ይፈቀድለታል፤ እኛ ግን የምናድለው ለጤነኛ ነው፣ እንዳይታመም። ጤነኛ ሰው ምን ብሎ ጾሙን ይገድፋል? ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይቀበለኛል፣ «ከቅዳሴ በኋላ እውጠዋለሁ» ይለኛል፣ እኔም እሺ ብዬ ራይት አደርጋለሁ። ስልጠናው ላይ ፊታችሁ ሳይውጡ ምልክት እንዳታደርጉ ተብለናል። አውቃለሁ። መስጠትና መዋጥ ያው ነው ብዬ ነው። ደግሞ ማን መዝገቡን ቀድሞ ይሞላል የሚል ነገር ነበረ፣ አቶ ሙላቴ ማታ ማታ እየደወሉ የሚጠይቁት።

አንቺ ግን «ከእጄ ወደ አፋችሁ ካልሆነ አልሰጥም» አልሽ። ታች በር ሰው ሁሉ አኮረፈሽ። ጾም አስገዳፊ ተባልሽ። ወርቅነሽ እንኳ የገዛ ጎረቤትሽ ሆና «የክኒን ቄስ መጣችላችሁ» እያለች ሳቀችብሽ። ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዝናብ ጆግሽን ይዘሽ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመሽ የቻልሽውን አስዋጥሽ። ሃምሳ ሁለትሽ እሱ ነው። የተረፈው ይመለስ ሲባል ሳትመልሺ ቀረሽ፤ ፍልሰታ ሲፈታ ከነሐሴ አሥራ ስድስት በኋላ በዚያ ጭቃ ቤት ለቤት ዞረሽ አስዋጥሽ። ያን ጊዜ መዝገቡ ተዘግቷል፤ የዋጠው ሁሉ የትም አልተጻፈም። ከዚያ አቶ ሙላቴ መጡ፣ ጓዳሽን ፈተሹ፣ ያላለቀውን ክኒን አገኙ፣ የጎደለውን ለገበያ አውጥታዋለች ተባለ። በስብሰባ ፊት ስምሽን አነሱት። ለመስቀል እንኳ ሳትቆዪ ወደ ወንድምሽ ሄድሽ።

እኔ በዚያ ስብሰባ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥኩት። ታውቂያለሽ።

እና ክኒኑን ከሙዳዬ ካወጣሁ በኋላ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ማስተዋል መድኃኒቱ አይሠራም ብላ ትጽፋለች፣ የእኔ መቶ ከመቶ ግድግዳዬ ላይ ይኖራል። ብናገር ደግሞ አገሩ ሁሉ ውሸታም ይለኛል፤ አቶ ሙላቴም አይምሩኝም። ይህን እያሰብኩ እመቤትን ፊቷን ሳጥባት ውሃው ሲነካት ጨፈነች፤ ብርሃን ይወጋኛል እማዬ አለችኝ። እሱ ቆረጠልኝ።

በማግስቱ ላይ በርን ቤት ለቤት ዞርኩት። አሁን ለማደል አይደለም፣ ለመለመን ነው። እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቆጣም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ። መጀመሪያ ሁሉም «ውጠናል» አሉኝ፤ አፍረው ነው፣ ደግሞም እንዳልከፋ። የእመቤትን ሦስት ክኒን ሳሳያቸው ነው አፋቸው የተፈታ። አቤት ያልተገኘበት ቦታ! ከቅል ውስጥ፣ ከምሰሶ ስንጥቅ፣ ከጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ። አንዷ ለራስ ምታት ብላ አስቀምጣዋለች። አንዷ በጨርቅ ሰፍታ የልጇ አንገት ላይ እንደ ክታብ አስራዋለች፤ ዓይን ይጠብቃል ብለሽ የለ? አለችኝ። ምን ልበላት፣ ብዬ ነበር። አያ ታደሰ ደግሞ ያንዱን ልጅ ድርሻ ለታመመ በሬያቸው ሰጥተውታል። «በሬው ድኗል፣ መድኃኒቱ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ ብለው።

የተገኘውን ሁሉ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በጋፋት ቁልቁለት ደብረ ታቦር ወረድኩ። ማስተዋል የምትሠራበት ክፍል ገብቼ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ ፈታሁት። መቶ ሠላሳ ሁለት ክኒን። አንዳንዱ ተንከባሎ መሬት ወረደ። «የላይ በር መቶ ከመቶ ይኸውልሽ» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ተንበርክካ ከመሬት የወደቀውን ለቀመች፤ ቆጠረችው፤ ከዚያ ወንበር ሰጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ፍልሰታውን፣ ቁርባኑን፣ ራይቱን። እሷም ስትጽፍ ስትጽፍ ቆየችና ቀና ብላ፣ እሺ ላይ በርስ ገባኝ፣ ታች በር ግን እንዴት ዳነ? አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ስምሽን የጠራሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስምሽን ጮክ ብዬ ስጠራ መጀመሪያዬ ነበር።

ማስተዋል ሰው በነገራት አታምንም፤ ጥናት እንደዚያ ነው መሰለኝ። ታች በር ወርዳ እንደገና በዕጣ ቤት ለቤት ጠየቀች፤ መቼ ዋጣችሁ? ማን አስዋጣችሁ? እያለች። ግማሹ በፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቀሪው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አሏት፤ ያስዋጠችን ግን እሷ ናት፣ ጆግ ይዛ አሉ ሁሉም። ያችው ወርቅነሽ «አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን አንስቼ አሳይቻት ነው ከደጄ የሄደችው» አለቻት፤ አሁን ስትናገር የምትኮራው እሷ ናት። ሲደመር ታች በር ከመቶ ዘጠና አምስቱ ውጧል። አየሽው አበልጄ? ያ ሁሉ ጭቃ ቁጥር ሆኖ ወጣ።

ተዋህሲው መድኃኒቱን አልለመደውም ማለት ነው። ሰው ነው መድኃኒቱን ያልዋጠው። ማስተዋል ጽሑፏን ቀየረችና እንደገና ይታደል ተባለ። መቼ ይሁን? ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔን! በዓለ ሃምሳ ላይ አድርጉት አልኳቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ማንም ምክንያት የለውም። ዘመቻውን ሊያቅዱ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሰውዬ ጻፉት። መምሬ አስናቀ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ራሳቸው ተናገሩልኝ፣ ከዚያም መለኪያው ዱላ ሥር ቆመው «እኔም ዓይን አለኝ፣ ለኪኝ» አሉና መጀመሪያ ዋጡ። ከእሳቸው በኋላ ማን እንቢ ይላል? እኔም እያንዳንዱን ሰው አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ እያልኩ፣ ካላየሁ እስክሪብቶዬን አልነካም። ልክ እንዳንቺ። ፈንታነሽ «የክኒን ቄስ ሁለተኛዋ» አለችኝ፤ ወሬው ከታች በር ደርሷታል። ስድብ ሆኖ አልተሰማኝም።

መስከረም ላይ ማስተዋል መጥታ እንደገና አየች። ላይ በር ከሠላሳ አንድ ወደ ሰባት ወርዷል። የእመቤትን ቆብ ስትገለብጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ንጹሕ ነው አለች፤ እንደ ጽጌረዳ አበባ። ክርስትና ልጅሽ አሁን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች፤ ዓይኗን አታሽም።

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ የሆነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ለመናገር ነው። ከየወረዳው የጤና ሰዎች ተሰብስበዋል። ማስተዋል በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየች አስረዳች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እትዬ ቀሪውን አንቺ ንገሪያቸው አለችኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቆምኩ። ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ ገበሬ ነኝ፤ የሐሰት ራይት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ መቶ ከመቶዬ መቶ ሠላሳ ሁለት ክኒን በየጓዳው ነበር አልኳቸው። ሳቅ ሆነ። ቀጥዬ አንቺን ጠራሁ። ሃምሳ ሁለት ተብላ የተሰደበችው እውነቱን የጻፈችው ነበረች፣ ክኒኑንም ለገበያ አላወጣችውም፣ ከእጇ ወደ ልጆቹ አፍ ነው ያደረሰችው አልኩ። ያኔ ነው ጭብጨባው። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ደግሞ ማጉያውን ተቀብለው ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ደግመው ጠሩትና ይህች ሴት የት ናት? አሉ። ሐሙሲት ናት አልኩ። ስናገር ኮራሁብሽ፤ እኔ ራሴ ተሸልሜ እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

አቶ ሙላቴም ተነሱ። የተነገረኝን ሳላጣራ አምኜ ሰው አሳዝኛለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። የተነገረኝን ሲሉ እኔ ወዳለሁበት አላዩም። ሳያዩኝ ተቀመጡ። ከስብሰባው በኋላ በእጃቸው ደብዳቤ ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ስምሽ የሚታደስበት ነው፤ ማኅተም አለው፤ ከዚህ ጋር አለልሽ።

ኅዳር ስምንት ለአዲስ ክኒን አዳዮች ስልጠና አለ፣ እዚያው ደብረ ታቦር። መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ የምታስተምር ሰው ፈለጉና ማስተዋል አንቺን ብላለች። ለሚመጣው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ላይ በርንና ታች በርን ለየብቻ ከምንይዝ አብረን እንዙረው ብዬ ጠይቄ ተፈቅዷል። ዱላውን እኔ ልያዝ። እስክሪብቶውን አንቺ ያዥ።

አሁን መጨረሻ ላይ ደረስኩ፤ እጄም ደክሟል፤ ይህን ግን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ብዘጋው ከማልን በከንቱ ማድከም ነው። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት ስለ ራይቱ ነው። እሱ የሁሉም ነገር ስለሆነ በሁሉም ፊት ተናገርኩት። አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። እሱ የአዳራሽ አይደለም፣ የእኔና የአንቺ ነው። ያን ክኒን ለፍልሰታ ፍቺ ብለሽ ከጋኑ ኋላ ስታስቀምጪ አብሮሽ ጓዳ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር። በማግስቱ አቶ ሙላቴ ደውለው ሲያመሰግኑት የነበረም ያው ሰው ነው፤ ምስጋና ደግሞ ምላስ ይፈታል። ስትሄጂ ክርስትና ልጅሽን አቅፈሽ ሳምሻት፣ ከዚያ በእኔ በኩል አልፈሽ ወጣሽ። እንዳወቅሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ሳትጠይቂኝ ቀረሽ፤ እኔም ሳትጠይቂኝ ቀረሽ እያልኩ ተደበቅሁበት። አሁን ሳትጠይቂኝ ይኸው፤ ለአቶ ሙላቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

የእናትሽን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልሽ። ጉልበትሽን ይፈውስልሽ፣ የወንድምሽን ቤት ይባርክ፣ ያስዋጥሻቸው ልጆች ሁሉ ዓይናቸው በርቶ አድገው ይጦሩሽ። ብትመጪ ኅዳር ሰባት ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ባትመጪም እቆማለሁ።

የበደለችሽም የምትኮራብሽም፣
አበልጅሽ